የሽቻቭኒጻ ተራራ ፎቶ

ለፌርፋክስ መንገድ ነዋሪዎች፣ ሠራተኞችና ፓርኪንግ ፍለጋ ለሚዞሩ ወገኖች ሁሉ፦ በእትዬ ሽታዬ ምግብ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ያለው ትልቁ ጠረጴዛ ዛሬ እሑድ ለማንም ደንበኛ አይሰጥም። ጉዳዩ ከባድ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቱ አሮን ጋቢውን እንደያዘ ከፖላንድ በሰላም ተመልሷል።

የጋቢው ነገር እንዲህ ነው። የአሮን ትምህርት ቤት መዘምራን ሽቻቭኒጻ በምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ እንዲዘምሩ ሲጋበዙ፣ ሰፈሩ የሰማው «ፖላንድ» እና «ተራራ» የሚሉትን ብቻ ነበር። ወሩ ሰኔ መሆኑን ልብ ያለ የለም። ልጁ በብርድ ሊያልቅ ነው ተባለ። እትዬ ሽታዬ ጋቢ ሰጡ፤ ታክሲ የሚነዱት ጋሼ ወርቁ የበረዶ ጓንት፤ ጎረቤታቸው ሠናይት ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ። ሁሉም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ተራራው ጫፍ ላይ ለብሶት ፎቶ እንዲነሳ። ምስጋናቸው እሱ ነበር። እናቱ ሮማን ሻንጣው አልዘጋ ቢላት ላዩ ላይ ተቀመጠችበት። አሮን ሲደርስ የከተማዋ ሰው በቁምጣ አይስክሬም ይልሳል።

አሁን ስልኩን ከግድግዳው ቲቪ ጋር ኮኔክት አድርጎ ፎቶዎቹን ያሳያል። ዱናየትስ የሚባለው ወንዝ በሁለት ገደል መሐል ይጠማዘዛል። ጥልፍ ሰደርያ የለበሱ ቀዛፊዎች ጎን ለጎን በታሰሩ የእንጨት ታንኳዎች ላይ ቆመዋል። ከበላያቸው «ሦስት ዘውድ» የተባለው ነጭ አለት አለ። ጋሼ ወርቁ ስሙን ሲሰሙ፣ ተራራ ስም ሲወጣለት እንዲህ ነው ብለው አጸደቁ። ቀጥሎ ሰው በብርጭቆ እየቀዳ የሚጠጣው የምንጭ ውሃ መጣ። ጨው ጨው ይላል፣ ለሆድም ለሳልም ጥሩ ነው ተብሏል ሲል፣ እትዬ ሽታዬ ቅር አላቸው።

«ታዲያ ጠበል እያለ እጅህን እያወዛወዝክ መጣህ?»

«ጠበል አይደለም፣ አምቦ ውሃ ነው» አሉ ጋሼ ወርቁ። በዚሁ ትንሽ ተከራከሩ።

ከዚያ ፎቶው አለቀ።

«ጫፉስ?» አሉ ከአሮን ጋር የሄደው የጓደኛው የመዝሙር አባት፣ ጋሼ ሀብተሥላሴ። «የኔ ልጅ ወጥቶ ሁሉን አየሁ ብሎኛል። አንተስ?»

መዝሙር ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ጥብሱን ያያል። የመዘምራኑ ረጅሙ ልጅ እሱ ነው፤ ድምፁም ከሁሉም ወፍራም።

ወደ ጫፉ የሚያወጡት በሽቦ ገመድ የተንጠለጠሉ ወንበሮች ናቸው፤ እግር አየር ላይ ይቀራል። ያን ቀን ተራቸው ሲደርስ መዝሙር ፈራ፤ መተንፈስ አቃተው። አሮን እጁን ይዞ ከሰልፉ አወጣው፤ ለአስተማሪዋም ሁለታችንም እንቀራለን አላት። ተራራው የተመደበለት ያ ቀን ብቻ ነበር። ጫፉ ላይ ሊለብሰው በቦርሳው ከያዘው ሁሉ ጋቢውን አወጣና በዚያ ፀሐይ የሚንቀጠቀጠውን ጓደኛውን ሸፈነው። መዝሙር ሲረጋጋ፣ ለማንም እንዳይናገር ለመነው። አባቱ ገና ሳይሄድ ለቸርች ሰው ሁሉ ልጄ ተራራ ሊወጣ ነው ብለዋል።

ያ ቀን ግን የሚያስከፋ አልነበረም። ወንዝ ዳር ተቀምጠው ውሃው ድንጋይ ላይ ሲፈስ ሰሙ። በጢስ የደረቀ አይብ የምትሸጥ ሴትዮ፣ ጋቢ የለበሰውን ልጅ አይታ አዘነችለት መሰል፣ ትኩሱን ከጃም ጋር አምጥታ እጃቸው ላይ አኖረች። ብር አልቀበልም አለች። አሮን ከዚያ በፊት ያን ያህል የጣፈጠው ነገር ትዝ አይለውም።

«ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ዘጋ በል» አለችው ሮማን በሹክሹክታ፤ ሰው ፊት እንዳያፍር ብላ።

አሮን አሰበው። ቀላል ነበር። ግን እነዚህ ሰዎች ብርድ ሳይኖር ለእሱ ብለው የበረዳቸው ሰዎች ናቸው።

«አልወጣሁም» አለ። «እትዬ ሽታዬ፣ ጋቢሽ በጣም ጠቅሞናል። ማለት... ጠቅሞኛል። ጋሼ ወርቁ፣ ሠናይት፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጫፉ ላይ ፎቶ የለኝም። ሶሪ።»

አንቺ ማለቱ ማንንም አልከነከነም፤ ለምደውታል። የከነከናቸው ሌላው ነው። ሠናይት ኮፍያዋን ከሱቅ ሱቅ ዞራ እንደፈለገችው አስታወሰችው። ጋሼ ወርቁ ሳቁ።

«ፈርተህ ነዋ! ይኼ ሁሉ ዝግጅት ለፈሪ ነው?»

ሁሉም ሳቀ። የአሮን ጆሮ ጋለ። ጋሼ ሀብተሥላሴ የልጃቸውን ትከሻ መታ መታ አደረጉና፣ ከመዝሙር ብትማር ጥሩ ነበር አሉት።

መዝሙር ሹካውን አስቀመጠ። ፊቱ ልክ ያን ቀን ሰልፉ ላይ እንደነበረው ሆነ።

«አባዬ» አለ። «እኔ'ኮ...»

አሮን አየው። ይኼ ልጅ መናገር ካለበት ቤቱ፣ ለአባቱ ብቻ ይናገር። እዚህ፣ በጋሼ ወርቁ ሳቅ መሐል አይደለም።

«አትውጣ ያለኝ የለም» አለ ቀድሞት። «ታች መቆየት ፈልጌ ነው የቆየሁት። ሌላ ጊዜም ቢሆን እዚያው ነው የምቆየው።»

«ምን አግኝተህ?» አሉ እትዬ ሽታዬ፣ አሁን ሳይስቁ። ዓይናቸው ከእሱ ወደ መዝሙር ሄዶ ተመለሰ። «ንገረኛ፣ የኔ ልጅ። ለምን?»

«አልናገርም።»