ከስክሪኑ የቀረው ግብዣ

ፕሮግራመሯ ቀናተኛ አይደለችም። የፕሮግራም ስህተት የምትለቅመዋ ፈታሽ ስንት ሰዓት እንደመጣች፣ የትኛውን ሻርፕ እንዳደረገች፣ ከፕሮግራመሯ አጠገብ የሚሠራው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ስንት ደቂቃ ተደግፋ እንደቆመች የምታውቀው እንዲያው ዓይኗ ስለማያርፍ ነው።

ከልጁ ጋር አንድ ፕሮግራም አብረው ይጽፋሉ። ሁለት ዓመት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው «ቻርጀር አለሽ?» ከሚለው ያለፈ ወሬ የላቸውም። ከሰኞ ወዲህ ደግሞ ምሳ የሚወጣው ከፈታሿ ጋር ሆኗል።

ዓርብ ረፋድ ላይ ፈታሿ ራሷ መጥታ ጎንበስ አለችባት።

«እታለም፣ ይሄ ጎረቤትሽ ዝምተኛ ይመስልሻል አይደል? ምሳ የሚጋብዘኝ በፕሮግራሙ ውስጥ ነው። በየጠዋቱ ስፈትሽ ‹ዛሬ ምሳ አብረን እንብላ?› ይለኛል።»

«ታድለሽ» አለች ፕሮግራመሯ።

ፈታሿ እንደሄደች ኮዱን ከፍታ ግብዣውን ፈለገችው። ፕሮግራሙ ከራሷ ከፕሮግራመሯ ኮምፒውተር ሲነሣ ብቻ፣ በእሷው ስክሪን ላይ እንዲወጣ የተጻፈ ነበር። ከበላዩ ግን የፍተሻው ክፍል አለ፤ ወደ ስክሪን የሚሄደውን ጽሑፍ ሁሉ ሜሞሪ ውስጥ ይይዝና ለፈታሿ ይልካል። ፍተሻው ሲያልቅ ጽሑፉን ወደ ስክሪን የሚመልስ መስመር መኖር ነበረበት። ልጁ ረስቶታል።

የእሷን ምሳ ሌላ ሴት ስትበላው ሰነበተች።

«ስማ» አለችው ልጁን። «ከሰኞ ጀምሮ ምን ስትጠብቅ ነበር?»

«መልስ። ዝም ስትይ እንቢ ማለትሽ መሰለኝ።»

«ዞር ብለህ ስክሪኔን ብታየው ምን ነበረበት?»

«አፍሬ። እሷ ደግሞ በየቀኑ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ‹እሺ፣ እንሂድ› ትላለች። ምኑን እሺ እንዳለች እንኳ አላውቅም።»

«ተነሥተህ ሄድክ ግን።»

«ርቦኝ ነበር።»

የጎደለውን መስመር ጨምራ ፕሮግራሙን አስነሣች። ግብዣው ስክሪኗ ላይ ወጣ። የልጁ ጆሮ ቀላ።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያ ግን ለእሷ ንገራት። በአፍህ።»

ሄደ። በመስታወቱ ግድግዳ አሻግራ ስታይ፣ ፈታሿ አፏን በእጇ ያዘች፤ ቆይታ ደግሞ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገችው። ትከሻን ምን አመጣው?

«ምን አለችህ?» አለችው ሲመለስ።

«‹ሰኞ ብትነግረኝ ኖሮ አራት ቀን በከንቱ ባልተኳልኩ› አለችኝ።»

«ይህን ለማለት ሰባት ደቂቃ?»

ከተጋቡ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ለሰባቱ ደቂቃ እስካሁን አጥጋቢ ማብራሪያ አልተገኘም።