የአሻንጉሊቷ ትርታ

እኔ በጂን ወሬ የምስቅ ሰው ነበርኩ። አል-ሳሃፋ ሰፈራችን ያሉ የወሎ ሴቶች ድስት በወደቀ ቁጥር «ጂን ነው» ሲሉ፣ «ድመቷን ፈልጉ» እያልኩ አናድዳቸው ነበር። አሁንም ጂን ነው አልላችሁም፣ ብቻ የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ካርቱም ነርስነት ስማር የተግባር ፈተና ወደቅኩ፣ የወደቅኩት ደግሞ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ ፈታኟ አጠገቤ ስትቆም ልቤ ይጋልባል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የማውቀው ሁሉ ብን ይላል። ስለ ጭንቀት ተምረናል እኮ! ልብ ለምን እንደሚፈጥን፣ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ መሳብ እንዴት እንደሚያረጋጋ ሸምድጄዋለሁ፣ ልቤ ግን ያን ቀን ከክፍል ቀርቶ ነበር መሰለኝ። ድጋሚውን ከወደቅኩ ትምህርቱ ያበቃል፣ እንደ እናቴ ሰው ቤት መግባቴ ነው። እናቴ ደግሞ ይሄ እንዳይደርስብኝ ብላ ነው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረችው። የድጋሚው ቀን ጠዋት ስወጣ «ላያስችል አይሰጥም፣ ልጄ» አለችኝ፣ እሱ ራሱ አስጨነቀኝ።

ከሰዓት በኋላ ተራ ስንጠብቅ ሃቡብ ተነሳ፣ ቀዩ አቧራ ሰማዩን ሸፍኖ ቀኑን አጨለመው፣ መብራትም ሄደ። ፈታኟ «ያላ፣ እስኪያልፍ ጠብቁ» ብላ ወጣች። እንደኔ ድጋሚ የምትፈተነው ጓደኛዬ ሐያት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ተምር ትበላለች፣ እሷ ጭንቀት የሚባል ነገር አታውቅም። እኔ ትንሽ ልለማመድ ብዬ ወደ መለማመጃው ክፍል ገባሁ። እዚያ በሽተኛ ሆና የምትተኛልን «ሐጃ» የምንላት አሻንጉሊት አለች፣ ባትሪ የላት፣ ሽቦ የላት፣ ዝም ብላ ፕላስቲክ ናት።

አሸዋው መስኮቱን ይቧጭራል። ትርታ እንደሚለካ ሰው የሐጃን የእጅ አንጓ ያዝኩ። ድም... ድም...

ሳቄ መጣ። አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው፣ ጀማሪ በአውራ ጣቱ ይዞ የራሱን ልብ የበሽተኛው እያለ ይቆጥራል፣ እኔም ያንን የሠራሁ መሰለኝ። ጣቴን አየሁ፣ በሁለቱ ጣቶቼ ነው የያዝኳት። ደግሞ የእኔ ልብ እየጋለበ ነው፣ ይሄኛው እንቅልፍ የወሰደው ሰው ዓይነት ዝግ ያለ ነው።

እመኑኝ፣ ከፍርሃቱ ጉጉቱ በለጠብኝ። በሌላው እጄ የራሴን አንገት ያዝኩና እንደተማርኩት ቀስ ብዬ ተነፈስኩ። የእኔ ዝግ አለ። የእሷ ፈጠነ። እንደገና ተነፈስኩ፣ መሃል ላይ እኩል መቱ፣ ከዚያ ተላለፉ፣ የእሷ ሮጠ፣ የእኔ ረጋ። ለቅቄያት ወጣሁ።

መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ሐጃን መርፌ ስወጋ እጄ ንቅንቅ አላለም፣ ፊቷን ግን አላየሁም። አለፍኩ! ደስታዬን የምደብቅበት ጠፋኝ።

ከእኔ ቀጥላ የገባችው ሐያት ነበረች። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እሷም አልፋ ወጣች፣ ግን መዳፏን በጋውኗ እየጠረገች መጣችና፣

«አንቺ፣ ሐጃን ምን አድርገሻት ነው?» አለችኝ።

«ምን ሆነች?»

«ወላሂ፣ እጇን ላብ አጥምቆታል።»

ዛሬ ነርስ ነኝ፣ ልቤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ጋልቦ አያውቅም። አንዳንዴ በሽተኛ አንጓ ላይ ጣቴን ሳስቀምጥ፣ ሐጃ እዚያ አልጋ ላይ እስካሁን እየሮጠች ይሆን እላለሁ።