የእባብ መጽሐፍ ዋጋ

«እና ምን ይላል?» አለች እንቁ።

ውዳሴ የእባብ መጽሐፏን ገጾች ታገላብጣለች። የእንቁ እናት እቴቴ ተናኜ ከበቆሎው አገዳ ክምር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ግራ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ለማገዶ አገዳ ሲስቡ ከሥር የወጣ እባብ ቁርጭምጭሚታቸውን ነድፏቸው ወደ በርበሬው ማሳ ገብቷል። ባላቸው ጋሼ ሙጬ ከቡሬ ባጃጅ ለመጥራት ስልካቸውን አውጥተዋል።

«እቴቴ፣ መልኩ ምን ይመስል ነበር?»

«እኔ እንጃ ልጄ፣ በድንጋጤ ምኑን አየሁት! ቡናማ ነገር ነው። ጀርባው ዥጉርጉር ሳይሆን አይቀርም።»

ውዳሴ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። ሥዕሉ ላይ ቡናማ፣ ጀርባው ዥጉርጉር የሆነ እባብ ተጠቅልሎ ይታያል። ከሥሩ ባለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ «መርዝ የለውም» የሚለውን አገኘች። ከፍኖተ ሰላም ለግማሽ ዓመት እረፍት አክስቷ እቴቴ ተናኜ ቤት ከመጣች ጀምሮ የምታወራው ስለዚህ መጽሐፍ ብቻ ነበር። አሁን ሁሉም እሷን ያያሉ።

«አገኘሁት! ይሄ ነው፤ መርዝ የለውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ጋሼ ሙጬ።

እርግጠኛ አልነበረችም። ገጾቹን ስታገላብጥ ሌሎች ዥጉርጉር እባቦችም አይታለች። ግን «አዎ፣ እዚሁ ተጽፏል» አለች።

ጋሼ ሙጬ መጽሐፉን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ የተማረ ካለ እኛ ምን እንላለን» አሉ።

መጽሐፉን የገዛላት አባቷ ደጀኔ ነው። ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ልብስ ይሰፋል። ውዳሴ ስለ እባብ ማጥናት እንደምትፈልግ ስትነግረው፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ደንበኛው አደራ ብሎ አስመጣላት። ለገና የታሰበው በግ በዚያው ቀረ። እናቷ ገላነሽ ሳምንቱን ሙሉ አጉረመረመች። «ለእባብ ዱላ ነው እንጂ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? ይሄን ያህል ዋጋ!» ደጀኔ ግን «እውቀት ነው፤ አንድ ቀን ዋጋውን ይመልሳል» ብሎ ዝም አሰኛት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእቴቴ ተናኜ እግር እስከ ጉልበት አብጦ ነበር። ማስታወክ ጀመሩ። ውዳሴ ያንኑ ገጽ ደግማ ደጋግማ አየች፤ ሥዕሉ ግን አልተለወጠም።

«አሁንስ ምን ይላል?» ብላ ጮኸችባት እንቁ። መልስ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ጥላ እስከ አስፋልቱ ሮጠች፤ ባጃጅም ይዛ የተመለሰችው እሷ ናት። ቡሬ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥተው በአምቡላንስ ወደ ፍኖተ ሰላም ላኳቸው።

እቴቴ ተናኜ ተረፉ። ሐኪሙ ግን «ጠዋት ተነድፈው እስካሁን ምን ትሠሩ ነበር?» ሲል፣ ጋሼ ሙጬ መሬት መሬት እያዩ «መንገዱ ነው» አሉ። ውዳሴ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማች። ያኔ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም።

በማግስቱ አባቷ ሊጠይቅ ሲመጣ እቴቴ ተናኜ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ወንድሜ፣ ልጅህ ባትኖር አልቆልኝ ነበር። መጽሐፏን አየችና ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው አለች» አሉት። ውዳሴን ሲያዩዋት ፈገግ አሉ። ሊሸፍኑላት ነው። ውዳሴ እስከ ጆሮዋ ጋለች። እንቁ ጣሳውን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች፤ በአጠገቧ ስታልፍ «እኔ እንደ እናቴ አልዋሽልሽም» አለቻት በለሆሳስ። «ሼም ነው።»

ውዳሴ ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጣ መጽሐፉን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ከሥዕሎቹ በፊት ያለውን ክፍል እስካሁን ዘላው ነበር። ካርታ አለው፤ ካርታው የደቡብ አፍሪካ ነው። በመጽሐፉ ያሉት እባቦች የዚያ አገር እባቦች ናቸው። ቀጥሎ በደማቅ ቀለም እንዲህ ይላል፦ በእባብ የተነደፈን ሰው ለማከም የእባቡን ዓይነት እስክታውቁ አትጠብቁ፤ በሥዕልም አትፍረዱ፤ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። እንግሊዝኛው ቀላል ነበር። ሁሉንም ቃል ታውቀዋለች።

ቀና ስትል እናቷ የአጥሚት ፔርሙስ ይዛ በበሩ ስትገባ አየች። አባቷም ሱቅ ውሎ ከኋላዋ ተመልሷል። ከዘበኛው ጀምሮ ላገኘው ሁሉ እያወራ ነው የመጣው። «አየህ፣ ሰው መጽሐፍ ይወደዳል ይላል። እህቴን ያተረፋት እኮ መጽሐፍ ነው!»

ገላነሽ ፔርሙሱን መሬት አስቀምጣ የልጇን ራስ ዳበሰች። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ የኔ ልጅ» አለች። «በዚያ መጽሐፍ ብዙ ተናገርኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ይሄኛውን ውዳሴ መሸከም አቃታት።

«እማዬ፣ እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ።» ድምጿ ተቆራረጠ። «መርዝ የለውም ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ሙጬ ባጃጅ ሊጠሩ ነበር፤ በእኔ ነው የተዉት። ሮጣ ያመጣችው እንቁ ናት። እቴቴ እኔን ለማዳን ነው እንዲያ ያሉት።»

ገላነሽ እጇን ቀስ ብላ ከልጇ ራስ ላይ አነሳች። ደጀኔ አፉ ላይ የነበረው ፈገግታ የት እንደሚሄድ ግራ እንደገባው ሁሉ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

«መጽሐፉ ዋሽቶ ነው?» አለ።

«አይደለም። መጀመሪያው ላይ አታድርጉ ያለውን ነው ያደረግኩት። ሥዕሉን ብቻ ነበር የማየው። የሌላ አገር እባቦች መሆናቸውን እንኳ ያወቅኩት አሁን ነው።»

ደጀኔ አጠገቧ ተቀመጠ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ ዘጋው።

«ሱቅ የመጣውን ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ» አለ። «ጎረቤቱን፣ ደንበኞቼን፣ የትምህርት ቤትሽን ዘበኛ ሳይቀር።»

«ነገ ሱቅ እመጣለሁ» አለች ውዳሴ። «ለሁሉም ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«ብዙ ሰው ነው፣ ውዳሴ።»

«እመጣለሁ።»