የውሰት የስፌት መኪናዎች

አንዲት ሴት እንደ ልጇ ያሳደገችውን ወንድሟን ለመጥላት ስንት ቀን ይበቃታል? አንድ ቀን? ግማሽ ዓመት? እኔ እንጃ። ይህን ታሪክ ስጀምር መልሱን አላውቀውም፤ ስጨርሰውም የማውቀው አይመስለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥላቻዋን ከማንም አልተዋሰችም። ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ ሰፍታ፣ ራሷ ለበሰችው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነበር። ወደ መንገዱ የሚከፈተው የስፌት ቤት፣ የውስጠኛው መኝታ። ሰፈርተኛው እህትየዋን «መርፌ» ይላታል፤ አንድም ስለቀጠነች፣ አንድም ምላሷ ስለሚወጋ። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ያሏት መኪናዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ ቀን ሙሉ የምትረግጣት፣ ሌላዋ አርጅታ ለዝምዘማ ብቻ የቀረች። ጥግ ላይ አንድ እግሩን የሚያነክስ ሽማግሌ ይተኩሳል፤ ጋሽ ካውያ ይሉታል። ያላት ሠራተኛ እሱ ብቻ ነው። እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። የእናትየዋ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል ሄዳ ካልታጠበች ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። እነዚያን ሁለት ቀኖች የምትሸፍነው ያቺ የምትረገጠው መኪና ነበረች።

አባትየው ሲሞት መርፌ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ወንድሟ ስድስት ዓመቱ ነበር። እሷ ትምህርቷን ጥላ መኪናው ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ተማረ። ጎበዝ ነበር፣ ምን ያደርጋል! የውጭ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሄደ፣ ሰባት ዓመት ቆየ። እሁድ እሁድ ይደውላል። «እትዬ፣ ላቋርጠውና ልምጣ? ሥራ ይዤ ላግዛችሁ?» ይላታል። እሷም ትስቃለች። «ምን ልትሠራ ትመጣለህ? ሥራው እጅ አላስነሳ ብሏል! ስድስት ሴቶች ቀጥሬ ስድስቱም አልበቁኝም። አንተ ብቻ ተማር።»

ስልኩ ሲዘጋ እናትየዋ ቀና ትላለች። «ልጄ፣ ስድስት እንኳ አበዛሽው።»

«ሦስት ብዬ ብነግረው ይመጣል እማዬ። እዚያ የሚያስቀምጠው ስድስት ነው።»

ፍቅር ሐሰትን ሲወልድ እንዴት ያለ መልከ መልካም ልጅ ይወልዳል! ማን ይጠረጥረዋል?

ወንድምየው ተመርቆ ተመለሰ፤ ወዲያውም የገንዘብ ሚኒስቴር የግብር ጥናት ክፍል ውስጥ ተቀጠረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ሊመጣ ባለበት ቀን መርፌ ከአራት ጎረቤቶች አራት መኪና ተዋሰች። ከራሷ ሁለት ጋር ስድስት በሆኑት መኪናዎች ላይ ስድስት ጎረቤቶቿን ደርድራ አስቀመጠች፤ የሰፈሩ ድንች ሻጭም ነበረችበት፤ በዕድሜዋ መኪና ረግጣ የማታውቅ።

«ኧረ የኔዋ ክር የላትም!» አለች ድንች ሻጯ ደንግጣ።

«ዝም ብለሽ ርገጪ። እሱ የተማረው ኢኮኖሚ ነው እንጂ ስፌት አይደለም።»

ገባ። ሁሉንም ተራ በተራ አያቸው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በእህቱ ኮርቶ ነበር። ከኪሱ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። በማግስቱ እናትየዋ «አሁንማ መጥቷል፣ እውነቱን ንገሪው» አለቻት። መርፌ ግን «እስኪ ይደላደል። ቤት ይከራይ፣ ልብስ ይግዛ። በእኛ ጉሮሮ ተምሬ መጣሁ ብሎ እንዲሳቀቅ አልፈልግም» አለች። አያችሁት ክፉውን ነገር? እውነቱ አፏ ላይ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው። እሱም ከከተማው ማዶ ቤት ተከራይቶ ሥራው ስለዋጠው፣ እንደ ድሮው እሁድ እሁድ በስልክ ብቻ ይጠይቃቸው ጀመር።

በዚያ ዓመት የመንግሥት ገቢ ከታቀደው በታች ሆነ። የግማሽ ዓመቱ የበጀት ግምገማ በሬዲዮ ሲተላለፍ ጋሽ ካውያ የሸሚዝ ኮሌታ ይተኩስ ነበር። የሚያነበው ባለሥልጣን ድምፁ ደረቅ ነው። በመኖሪያ ቤት ለሚሠሩ አነስተኛ የስፌት ቤቶች ተሰጥቶ የነበረው ከግብር ነፃ የመሆን መብት ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ተነሥቷል፤ «በተደረገው ጥናት መሠረት እነዚህ ቤቶች በአማካይ ስድስት ሠራተኞች እንዳሏቸውና ትእዛዝ ከአቅማቸው በላይ መሆኑን...»

«የማን ቤት ነው ደግሞ ስድስት ያለው?» አለ ጋሽ ካውያ እየሳቀ። መርፌ አልሳቀችም። ሽማግሌው ፊቷን ሲያይ እጁ ቆመ፤ ካውያውም ኮሌታው ላይ ቆሞ ቀረ። ቤቱን የጭስ ሽታ ሞላው፣ ማንም አልተነሣም።

መከራ ለብቻው አይመጣም። የስድስት ወሩ ግብር ከነቅጣቱ ተጽፎ መጣ። አቤት ለማለት መጀመሪያ ግማሹን መክፈል ያስፈልጋል ተባለች፤ ግማሹ ቢኖራት ለምን አቤት ትላለች? ትምህርት ቤቶቹ ደረሰኝ ከሌላት ሴት አናሰፋም አሉ። ከዚያ ሁለት ሰዎች መጥተው የስፌት ክፍሉን በሮች አሸጉ፣ ለመኝታው የጓሮ በር ብቻ ቀረ፤ የምትረገጠዋ መኪና ውስጥ ቀረች። ሳምንታዊው የሆስፒታል መንገድ ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ባዶ ወረደ። የእናትየዋ እግር አበጠ። የጋብቻ ቀለበት የገባበት ጣት እንኳ ቀለበቱን አላወጣ አለ።

መርፌ ወንድሟ ቢሮ ሄደች። በሩን ዘግቶ አስቀመጣት፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ እዚህ ድረስ መምጣት አልነበረብሽም። ሰው ምን ይላል?»

«ቤቱ ታሸገ ወንድሜ። ትንሽ ጊዜ እንኳን...»

«ስድስት ሠራተኛ ያላት ሴት ከበደኝ ካለች ሌላው ምን ይበል? ለእህቱ ሲል ሕግ አጣመመ እንድባል ነው የምትፈልጊው?»

«መኪናዎቹ እኮ...»

«በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ!»

«እማዬ እጥበቷ ተቋርጧል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ እህቱን እንደማያውቃት ሰው አያት። «እናቴን መያዣ አታድርጊብኝ። ያን ሁሉ እያስገባሽ ሐኪም ቤት የከለከልሻት ግብር ላለመክፈል ነው? ያሳፍራል እትዬ።»

ያሳፍራል! አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። «ዋሽቼህ ነው» ብትለው እናቷ ትድን ነበር። ሰፈሩን ሁሉ ሲወጋ የኖረው ምላስ ግን ያን ዕለት ተጣበቀ። ተነሣች። «እሺ። እንዳየኸው ይሁን» አለችና ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ አላለቀሰችም። ሰው ተወግቶ ደም ካልወጣው ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። በልቧ፣ «እኔን ያሳፈረኝን ያህል ሳይሆን አንገቱን ቀና ማድረግ እስኪያቅተው አሳፍረዋለሁ» አለች። የእናቷ በሽታ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለእሷ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያም ሆነ። ፈጣሪ ይቅር ይበላት!

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድምየው ተቀይሞ መደወሉንም ተወ። እናትየዋ በመጨረሻዎቹ ቀናት «ልጄን ጥሪልኝ» ትል ጀመር። መርፌ ስልኩን አንሥታ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ ሳትደውል ታወራለች። «እማዬ ትጠራሃለች... እሺ... ቶሎ ና።» ከዚያ ዞራ «እየመጣ ነው፣ መንገዱ ተዘጋግቶበት ነው» ትላታለች። ሦስት ቀን ሙሉ መንገዱ ተዘጋግቶ ዋለ። ጎረቤቶቹንም አንድም ሰው እንዳይነግረው አስማለቻቸው። ጋሽ ካውያ ብቻ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ይህ የማይተረተር ስፌት ነው» አላት። አልሰማችውም።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ እናትየዋ እጇን ያዘቻት።

«ልጄ... ስልኩ መብራቱ አልበራም እኮ።»

መርፌ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች።

«ተይው፣ አልቀየምሽም። አንቺንም እሱንም የወለድኩ እኔ ነኝ፤ የቱን ልጥላ?»

መርፌ ያን ጊዜ እንኳ መደወል ትችል ነበር። ጣቷ ቁጥሩ ላይ ደረሰ... «ያሳፍራል» የሚለው ድምፅ መጣባት። እጇን መለሰች። እናትየዋ ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች አረፈች።

እሱ ሳይሰማ ከተቀበረች በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሚኒስቴሩ ግብር ከፋዮችን ለውይይት ጠራ። ወንድምየው መድረክ ላይ ቆሞ የገቢው ጉድለት መሞላቱን አስረዳ፤ ተጨበጨበለት። ጥያቄ ያለው ሲባል ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ሴት እጇን አወጣች። ማይኩ ደረሳት።

«ጥናታችሁ ላይ ስድስት ሠራተኛ አላት የተባልኩት ሴት እኔ ነኝ።» ሰው ሳቀ። «አራቱ መኪና የጎረቤት ነው። አንደኛዋ ክር እንኳ አልነበራትም። ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ነው የዋሸሁህ፤ አንተ ደግሞ ተምረህ መጥተህ ውሸቴን ሕግ አደረግከው።»

ወንድምየው ከመድረኩ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ እባክሽ ውጭ ወጥተን...»

«እማዬ እንዴት ናት ብለህ አትጠይቀኝም?»

«እማዬ... እንዴት ናት?»

«ከቀበርናት ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትጠራህ ነበር። ያልጠራሁህ እኔ ነኝ። አሁን በዓይንህ ያየኸውን ቁጠር!»

ያ የተማረ፣ ያ ከረባት ያሰረ ሰው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «እማ?» አለ፤ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ። ድምፁ በማይኩ አዳራሹን ሞላው። መርፌ ወጣች። ጣፋጭ ነበር! በቀል እንዴት ይጣፍጣል! ጣዕሙ ግን ከአዳራሹ ደረጃ ሦስተኛው እርከን ላይ ስትደርስ አለቀ፤ እዚያው ተቀመጠች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሽጉ ተነሣ። ደብዳቤው ጥናቱ የተሳሳተ መሆኑን፣ ስህተቱም የአጥኚው ብቻ መሆኑን ይገልጻል፤ ከሥሩ የወንድሟ ፊርማ አለ። ሥራውን ለቆ ሄዷል አሏት። ተከራይቶበት የነበረው ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። የተማረበት አገር ተመልሷል የሚሉ አሉ፤ ያየው ግን የለም። ስህተቱን ለብቻው ሲሸከም «እህቴ ዋሽታኝ ነው» የምትል አንዲት ቃል አለመጻፉ ከሁሉ በላይ አቃጠላት። ዕጣ ፈንታ ጨካኝ ነው እንላለን። እኔ ግን አንዳንዴ እጠራጠራለሁ፤ ዕጣ ፈንታ ክሩን ያቀብል ይሆናል እንጂ ቀዳዳውንስ የምንበሳው እኛው አይደለንም?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መርፌ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች።

«ወንድሜ፣ ስድስት ብዬ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛ የለኝም። ሥራ የለም። እማዬ በመጨረሻ አንተንም እኔንም አልጠላችም። ብቻዬን አቅቶኛል። ና።»

ለወንድሟ በስልክ እውነቱን ስትነግረው ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ላከችው። መልስ አልመጣም።