ወረደልኝ ያለው ዳቦ

ሰዓት ሠሪው ሱቁ ውስጥ አረፋ ደፍቆ ወንበሩ ላይ ሞቷል። የምሳ ሾርባውን ያበላችው ልጁ ከሱቁ ጀርባ ያለው ወጥ ቤት ተዘግቶባታል፤ የዘጋባት አጎቷ ነው። መርማሪዋ ከሬሳው በፊት ያየችው የወጥ ቤቱን ጓጉንቸር ነበር። አዲስ ነው፤ የፋብሪካ ቅባቱ እንኳ አልለቀቀውም።

«ይክፈቱት» አለችው አጎትየውን።

ልጅቱ ወጣች። ውሃ ቢሰጧት አልወርድ አላት።

«እዚህ ጋ ተሰንቅሮብኛል» አለች ጉሮሮዋን ይዛ። «አባቴን አልገደልኩም። ግን ማን ያምነኛል?»

«ሾርባውን እንደጠጣ አይደል ክልትው ያለው?» አለ አጎቷ። «ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ እሷ መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ፣ ከቤቴ ያመጣሁትን ዳቦ በእጄ አጉርሼዋለሁ። ‹ወረደልኝ› ብሎኛል። እስከ ስድስት ሰዓት ደህና ነበር።»

«ሕመም ነበረባቸው?»

«ሲከሳ ጊዜ ሐኪም ቤት በጉሮሮው ቱቦ ከተውበት ነበር። እሱ ግን ምንም አይሰማኝም ነው የሚለው።»

ልጅቱ የምርመራውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣች። መርማሪዋ ሁለቴ አነበበችው። ያም ሆኖ ልጅቱ ያን ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ አደረች።

በማግስቱ መርማሪዋ ልጅቱንና አጎቷን ሬሳውን ከመረመረው ሐኪም ጋር ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የዋጥነው ምግብ ዝም ብሎ አይወርድም» አለች። «የምግብ ቧንቧው ጡንቻ እየጨመቀ ይገፋዋል። የሟቹ ጡንቻ ደክሞ ነበር፤ ሐኪም ቤት የከተቱባቸው ቱቦ ለክቶታል። ክፋቱ፣ እሳቸው አይታወቃቸውም። ወረደልኝ ያሉት ዳቦ ደረታቸው ውስጥ ቆሞ ነበር።»

«ግማሹን እዚያው አገኘነው» አለ ሐኪሙ። «የአይጥ መርዝ አለበት። ሳህኑ ላይ የተረፈው ሾርባ ግን ንጹሕ ነው።»

«ትኩሱ ሾርባ ሌላውን ግማሽ ገፍቶ አወረደው» አለች መርማሪዋ ወደ አጎትየው ዞራ። «ሟቹ ሱቁን ለልጃቸው ሊሰጡ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ጠዋት ይሞታሉ ብለው ጠበቁ፤ ወሬው ሲዘገይብዎት በምሳ ሰዓት ሊያዩ መጡ። ጓጉንቸሩን የገዙት እሳቸው ሲሞቱ የዚህን ሱቅ በር ሊቆልፉበት ነው። ሻጩን ጠይቄዋለሁ፤ በሦስት ሰዓት ነው የገዙት። ያኔ ማንም አልሞተም ነበር።»

አጎትየው ወደ በሩ ተራመደ፤ ፖሊሶች ቆመውበታል። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ በእጄ አጎረስኩ ያለው ማንም ሳይጠይቀው ነው።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ልጅቱ አሁንም ጉሮሮዋን እንደያዘች ነበረች።

«የአባቴ በሽታ እኔም ያዘኝ እንዴ?» አለች።

«የለም ልጄ» አለ ሐኪሙ። «ጠዋት አይቼሻለሁ፤ ጉሮሮሽ ደህና ነው። አባትሽ የቆመው ምግብ አልተሰማቸውም፤ አንቺ ደግሞ ምንም ሳይቆም የቆመ የሚመስልሽ ከፍርሃት ነው። በይ ሞክሪ።»

የሰጣትን የውሃ ብርጭቆ ተቀብላ ትንሽ ተጎነጨች።

«ወረደልኝ» አለች፤ ከትናንት ወዲህ ያለቀሰችው ገና ያኔ ነው።