በፖሙ ቅጠል ላይ ያየሁት ቀለበት

አጎቴ ዛፍ አዳቃይ ናቸው፤ ከመልካም ዛፍ ቀንበጥ ቆርጠው በሌላው ግንድ ላይ ይቀጥላሉ። በሰፈራችን የእሳቸው ቢላዋ ያልነካው ጓሮ የለም። ቢላዋዋ ከአባታቸው የወረሷት ናት። በጨርቅ ይወለውሏታል እንጂ አያጥቧትም፤ «ከታጠበች ሥራዋን ትረሳለች» ይላሉ።

እኔ የምሠራው በእጽዋት ምርመራ ክፍል ነው። አንድ እሑድ አጎቴ ቀንበጥ የሚቆርጡባትን እናት ፖም ሳይ፣ ቅጠሎቿ ላይ ፈዘዝ ያሉ ቢጫ ቀለበቶች አየሁ። እንዲህ ያለውን ቀለበት የማውቀው በኮክ ቅጠል ላይ ነው፤ ቫይረስ ያመጣዋል፣ በሚቀጠል ቀንበጥም ይተላለፋል። ፖምን ይይዛል የሚል መጽሐፍ ግን አላነበብኩም። ቅጠሉን ጨምቄ በመመርመሪያ ወረቀት ሞከርኩት።

«ጋሼ፣ ሁለት መስመር አሳየ።»

«ምነው፣ ፖሜ አረገዘች እንዴ?»

ቀንበጥ ሊወስዱ የመጡት ጎረቤቶች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

«አይ፣ የኮክ ቫይረስ ነው፤ ግን…»

«የኮክ ከሆነ ሂጂና ለኮኩ ንገሪው! ይቺ አንቺ ሳትወለጂ ያፈራች ናት።»

ምርመራውን መድገም፣ ለአለቃዬም ማሳወቅ ነበረብኝ። ትልቅ ሰው በሰው ፊት ከማሳፍር ሆድ ይፍጀው አልኩና ወረቀቷን ደብተሬ ውስጥ ከተትኳት። በዚያ ወቅት አጎቴ ከእናት ፖሟ እየቆረጡ በሠላሳ አንድ ጓሮ ቀጠሉ።

በዓመቱ ቀለበቶቹ በየአጥሩ ብቅ አሉ። ሥራ ስሄድ እንደ ዓይን ያፈጡብኛል። አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ከደጃፋቸው ጠሩኝ። እጃቸው ላይ ጥፍር የሚያህሉ የረገፉ ፍሬዎች ነበሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። አጎትሽ አምና የቀጠሉባት ፖሜ ምን ነክቷት ነው? ልጄ ሳይሞት የተከላት ናት እኮ።»

«እንጃ፣ እማማ» አልኩ። ያ «እንጃ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

በዚያው ሳምንት ምርመራውን ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ አለቃዬም አረጋገጡት። ለአጎቴ ውጤቱንም፣ የደበቅኳትን ወረቀትም አሳየኋቸው። መስመሮቿ ደብዝዘዋል፤ አልጠፉም።

«ያኔ ዝም ያልሽው አክብረሽኝ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አይ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ያለው አክብሮት ይቅርብኝ።»

ቢላዋቸውን በረኪና ውስጥ ነከሯት። እናት ፖሟን በገዛ እጃቸው ነቀሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የደበቅኩት የሰውን ነው። እባካችሁ፣ መጽሐፍ ያልጻፈውን ዓይናችሁ ካየ፣ ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም ተናገሩ።

ፖሟ በተነቀለች ማግስት ከአጎቴ ጋር በየደጁ ዞርን። መጀመሪያ የቆምነው በልብስ ሰፊዋ በር ላይ ነበር። አጎቴ አንኳኩና ከኋላዬ ቆሙ።

«እማማ» አልኩ፣ በሩ ሲከፈት፣ «ያን ቀን እንጃ ያልኩዎት ውሸቴን ነው።»