የጋራ ቀብር

በሻላ ከተማ የትዝታ ማቆያ የሚኖሩት ሦስት መቶ አርባ አረጋውያን ጠዋት ሲነቁ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ትዝታቸውን መልበስ ነው። ከጆሯቸው ጀርባ ትንሽ ዘለበት ይሰካሉ። ዘለበቱ እርጅና የነጠቃቸውን ሁሉ ከምድር ቤቱ ዲስኮች እየቀዳ ይመልስላቸዋል፤ የልጅ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የሟች ፊት። ከዚያ ተጣጥበው ቁርስ ይበላሉ።

መንበረ የእነዚህ ዲስኮች ጠባቂ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ረቡዕ ጠዋት እንደ ልማዷ ክፍል ለክፍል እየዞረች ዘለበቶቹን ስትፈትሽ፣ እማማ ዘነቡን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኘቻቸው።

"ምነው እማማ?"

"የባሌ ቀብር ትዝ ብሎኝ ነው ልጄ። ድንኳኑ ሞልቶ ሕዝቡ እስከ መንገድ ተርፎ ነበር። ምን ያለ ደግ ሰው ነበር መሰለሽ!"

መንበረ አጽናንታቸው ወጣች። በሚቀጥለው ክፍል ጋሽ ወልደሰንበት ስለ ሚስታቸው ቀብር ለአስታማሚው ያወሩ ነበር። "ድንኳኑ ሞልቶ ሕዝቡ እስከ መንገድ ተርፎ ነበር" አሉ። በሦስተኛው ክፍል ደግሞ አንዲት ባልቴት ስለ ወንድማቸው ቀብር ያንኑ ነገር ቃል ሳያዛንፉ ደገሙት።

ወደ ምድር ቤት ሮጣ ወረደች። ትናንት ማከማቻው ሞልቶ ጥፍር የምታህል ቦታ አልነበረውም። ዛሬ ሰፊ ቦታ ባዶ ነው። የተጨመረ ዲስክ ደግሞ የለም። ነገሩ እስኪገባት ብዙ አልፈጀባትም፤ አንድ ሰው "ድግግሞሽ አጥፊ" የሚባለውን ፕሮግራም አስነስቶታል። ፕሮግራሙ የተሠራው ለደብዳቤና ለፎቶ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ነገር ሲያገኝ አንዱን ጥሎ አንዱን ያስቀራል፤ ለሁለቱም ባለቤቶች ያስቀረውን ያሳያል። በሰው ትዝታ ላይ ሲለቁት ግን ቀብር ሁሉ አንድ መሰለው። የአርባ አንድ ሰዎችን ሐዘን አንድ አድርጎ፣ የሟቹን ፊትና ስም ብቻ እየቀየረ አደላቸው።

ያንን ፕሮግራም ማስነሳት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷና ዳይሬክተሩ።

አቶ ያየህይራድ ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች።

"ድግግሞሽ አጥፊውን ማን አስነሳው?"

"እንደምን አደርሽ መንበረ" አላት፣ ምንም ሳይመስለው። "ቦታ አለቀ እያልሽ ስትጮሂ አልነበር? ይኸው ቦታ።"

"እኔ የጠየቅሁት የዲስክ ማቀፊያ ነው! ከመጣ ሁለት ወሩ፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ይጠጣል!"

ማቀፊያ የምትለው ስምንት ዲስኮችን ጎን ለጎን ይዞ በአንድ ኬብል ከዋናው ማከማቻ ጋር የሚገናኝ የብረት ሳጥን ነው። ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም ነበር።

"ማቀፊያ ጨመርን ማለት የያዝነው አልበቃንም ማለት ነው" አለ ዳይሬክተሩ። "እኔ ደግሞ ባለው ማከማቻ ስድስት መቶ ሰው እንይዛለን ብዬ ለበላዮቼ ቃል ገብቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ስድሳ ዛሬ ይገባሉ፤ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ትዝታቸው ይጫናል። ደግሞስ ምን ጎደለ? ሰው ቀብር ላይ ያው ነው። ያለቅሳል፣ አፈር ያለብሳል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።"

የመንበረ ደም ፈላ። "እናትህን የቀበርክበትን ቀን አንስቼ ለጎረቤትህ ብሰጠው ደስ ይልሃል?"

"ማንን ነው አንተ የምትይው?"

"አንተን ነዋ! የሰው ሐዘን ቀምተህ እርስዎ የምትባል መስሎሃል?"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው እንዲህ ብላው በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች።

የተጣለ ትዝታ ወዲያው አይጠፋም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እቦታው ይቆያል። የስድሳዎቹ አዲስ ገቢዎች ትዝታ ሲጻፍበት ግን እስከ ወዲያኛው ይጠፋል። ሰዓቷን አየች፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ቀርቷታል።

ካርቶኑን ቦጫጭቃ ማቀፊያውን አወጣች። ተሸክማ ምድር ቤት አወረደችው፤ ኬብሉን ሰክታ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ቀጭ እስኪሉ ድረስ ገፋቻቸው። ሰባት አረንጓዴ መብራት በራ። ስምንተኛው ቀይ ሆነ። ነቅላ አራገፈችው፣ መልሳ ሰካችው። አሁንም ቀይ። ሰባቱ ዲስኮች ለአርባ አንዱ ሰዎች አይበቁም፤ የስድስት ሰው ቀብር ውጭ ይቀራል። የትኞቹ ስድስት?

"የማንንም አልተውም!" አለች፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን እየጮኸች።

በዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የማቆያውን ገድል ለእንግዶች የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን አለ። ሆዱ ውስጥ ያለው ያው ዓይነት ዲስክ ነው። ደረጃውን ተመልሳ ወጣች። አቶ ያየህይራድ ስልክ ያወራ ነበር። ወንበር ጎትታ ቆመችበት፣ የስክሪኑን ጀርባ ከፈተች፣ ዲስኩን መዘዘችው። እዚያ ላይ ፈገግ ብሎ እጅ ሲጨብጥ የነበረው ዳይሬክተር ድርግም ብሎ ጠፋ።

"አብደሻል? ዛሬውኑ ነው የምትባረሪው!"

"ከስድስት ሰዓት በኋላ አባርረኝ።"

ዲስኩን በቀዩ ቦታ ሰክታ የተጣሉትን ቀብሮች መቅዳት ጀመረች፤ ቅጂው ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀር አለቀ። ያኔ ብቻ መንበረ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ የእያንዳንዱን ሰው ቀብር ለባለቤቱ ልትመልስ ክፍል ለክፍል ዞረች። እማማ ዘነቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ።

"ያ አውሬ!" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ሲደበድበኝ ኖሮ! ቀብሩ ላይ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣሁም። ታዲያ ጠዋት የማን ባል ሆኖ ነው ዱላውን ረስቼ እንዲያ የተንሰቀሰቅሁት?"

መንበረ ደነገጠች። "ያኛው ይሻልዎታል እማማ? ልመልሰው?"

"ምን ሲደረግ!" አሉ ወለሉን በምርኩዛቸው እየመቱ። "ንዴቴ የራሴ ነው። የደላት ሴት እንባ ምን ያደርግልኛል?"

መንበረ ስትወጣ ትክክል እንደሠራች አወቀች። ሌሎቹም አንዳንዱ እያለቀሰ፣ አንዳንዱ እየሳቀ የራሱን ተረከበ። መጨረሻ የቀሩት ጋሽ ወልደሰንበት ነበሩ። እጇን ወደ ዘለበቱ ስትሰድድ ያዟት።

"የጠዋቱ ቀብር እውነት አይደለም አሉ።"

"አይደለም ጋሼ። የእርስዎን ትክክለኛውን አትርፌዋለሁ። አሁን ይመለስልዎታል።"

"እርጅና ሁሉንም ወሰደብኝ፤ የዚያችን ቀን ጥላ ግን አልወሰደልኝም" አሉ ሽማግሌው። "ዘመኑ የወረርሽኝ ነበር። ጎረቤት ከደጁ አይወጣም። የሚሸከማት አጥቼ በጋሪ ወሰድኳት። እኔና ቆፋሪው ብቻ ነበርን፤ እሱም ቸኩሎ ሄደ። ዛሬ ጠዋት ግን ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ ነበር። ስሟን እየጠሩ አለቀሱላት።"

"ውሸት እኮ ነው ጋሼ" አለች መንበረ። ድምጿ ግን የጠዋቱ ድምፅ አልነበረም።

"ውሸት መሆኑን አጣሁት? እሷ ግን ሰው ይገባት ነበር።"

ከጠዋት ጀምሮ ያንገበገባት ቁጣ አሁንም ውስጧ ነበር፤ የምታሳርፍበት ግን አጣች። ወረርሽኙን ያመጣው ዳይሬክተሩ አይደለም። ደጃቸውን የዘጉት ጎረቤቶችም ፈርተው ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው የራሱን እመልሳለሁ ስትል ዋለች፤ ይኸው አንድ ሰው የራሱን አልቀበልም እያለ እጇን ይዟል።

ጣቷን ከዘለበቱ ላይ አነሳች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"እስቲ ያጫውቱኝ ጋሼ" አለች። "ማን ማን መጥቶ ነበር?"

ጋሽ ወልደሰንበት ቀና ብለው ተቀመጡ፤ የመጡትን አንድ በአንድ ይጠሩላት ጀመር።